አንበሳ የታተመበት አሮጌ ቤልጅግ ለአጋዘን አደን ይሆናል ወይ?

ጥያቄውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ ከደብረ ብርሃን። የአክስቴ ልጅ የሚኖረው ፔንስልቬንያ ነው። የሥራ ባልደረቦቹ በየዓመቱ ኅዳር ላይ አጋዘን ያድናሉ፤ ዘንድሮ ና አብረን እንውጣ ብለውታል። መሣሪያ ፍለጋ ሲዞር አንድ ሱቅ ውስጥ የኢትዮጵያ አንበሳ የታተመበት አሮጌ ጠመንጃ አየ። ከጣሊያን ወረራ በፊት የቤልጅጉ ኤፍ ኤን ፋብሪካ ለኢትዮጵያ ከሸጣቸው ማውዘሮች አንዱ ነው። እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከአገራችን መጋዘን ወጥተው አሜሪካ ለሰብሳቢዎች ሲሸጡ ቆይተዋል። ልጁ አንበሳውን ሲያይ ልቡ ቀለጠ፤ ገዛው። እኔም እዚህ መድረክ ላይ አጭር ነገር ጠየቅኩ። ከሠራዊት የተረፈ አሮጌ መሣሪያ አጋዘን ይታደንበታል ወይስ ግድግዳ ላይ ይሰቀል?

ክሩ፣ ማለትም ከጥያቄዬ ሥር የተደረደረው የመልስ ሰንሰለት፣ ረዘመ፤ መሐል ላይም ተጣመመ። አዲስ የሚገባ ሰው እንዳይደናገር የተባለውን በየቁጥሩ ላውጋችሁ።

መልስ 1 ከመሐል ሜዳ ነው። ይህ ምን ያጠያይቃል ባይ ነው። ጠላት የተመለሰበት መሣሪያ ለአንድ አጋዘን ያንሳል ወይ ብሎ ፉከራ ቢጤም ጨመረበት። ላይኩን ጠራርጎ የወሰደው እሱ ነው። እኔም ፈገግ ብዬ አለፍኩ፤ ጥያቄዬ ግን እንዳለ ነው።

መልስ 2 የደብረ ሲና ልጅ ነው፤ አሁን ካናዳ ይኖራል። ረጋ ያለ፣ ትሁት ሰው። የአቅም ጉዳይ ከሆነ አትስጋ ይላል። ካናዳ ውስጥ በእንግሊዙ ሊ ኢንፊልድና በ303 ጥይቱ ለቁጥር የሚታክት አጋዘን ወድቋል። ሬንጀርስ የሚባሉት የሰሜኑ በረዶ ጠባቂዎች ይህንኑ ጠመንጃ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ጀምሮ እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ፣ የዋልታ ድብ ድንገት ቢመጣ ብለው ተሸክመውት ኖረዋል። የማውዘሩ 7.92 ጥይት ደግሞ ከ303 የሚያንስ አይደለም።

መልስ 3 ነገሩን ከሥሩ ያዘው። የት እንደሚኖር አልጻፈም፤ ግን ሥራውን የሚያውቅ ሰው መሆኑ ያስታውቃል። ጉዳዩ ጠመንጃው ሳይሆን አረሩ ነው ይላል። የሠራዊት ጥይት አረር እስከ አፍንጫው ድረስ በጠንካራ ብረት የተለበጠ ነው። ሥጋ ውስጥ ሲገባ ቅርፁን አይቀይርም። ቀጭን ቀዳዳ በስቶ በወዲያኛው ጎን ይወጣል። እንስሳው ቆስሎ ይሮጣል፣ ጫካ ገብቶ ሲማቅቅ ያድራል፣ አዳኙም ሳያገኘው ይቀራል። የአደን ጥይት ግን አፍንጫው ላይ እርሳሱ ራቁቱን ነው። ሲመታ ይደፈጠጣል፣ ወደ ጎን ይሰፋል፣ እንስሳውን እዚያው ይጥላል። ብዙዎቹ የአሜሪካ ክፍላተ ሀገራት አጋዘንን በሠራዊት ጥይት ማደን የሚከለክሉት በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ በቆርቆሮ ሣጥን የሚሸጠው ርካሽ ጥይት ለዒላማ መለማመጃ እንጂ ለአደን አይሁን አለ።

በእኔ ግምት ከክሩ ሁሉ የሚበልጠው ይህ መልስ ነው። ሦስት ላይክ አገኘ።

መልስ 4 በዚሁ ላይ አንድ ነገር ጨመረ። አሜሪካ የሚሠራው የ8 ሚሊ ሜትር ማውዘር ጥይት፣ ያው 7.92 የሚባለው፣ ሆን ተብሎ እንዲለዝብ ተደርጎ ነው የሚሞላው። ቀደም ያሉት የጀርመን ጠመንጃዎች 8.08 ሚሊ ሜትር አረር ነበር የሚወስዱት፤ በኋላ የመጡት 8.22። ትልቁ አረር በጠባቡ በርሜል ውስጥ ከተተኮሰ አደጋ ስላለው ፋብሪካዎቹ ባሩዱን ቀነሱ። የአውሮፓ ፋብሪካዎች ግን ሙሉ ኃይሉን ይሰጡታል። የኛው ቤልጅግ ከኋለኞቹ ወገን ነው። ይሁንና በካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ይልቅ በርሜሉን አስለክቶ ማመን ይሻላል ብሎ አሳሰበ።

5ና 6 እርስ በርስ ተያያዙ። አንዱ አያቱ ጣሊያን ጥሎት የሄደ ካርካኖ የሚባል ጠመንጃ እንደነበራቸውና ሚዳቋ ሲጥሉበት እንደኖሩ ተረከ። ሌላው ካርካኖ ያለ መጋቢ ቅንጥቡ ምን ዋጋ አለው ብሎ መለሰለት። እውነቱን ነው። ስድስቱ ጥይት በብረት ቅንጥብ ታስሮ አብሮ ነው የሚጎርሰው። ቅንጥቡ ከጠፋ አንድ አንድ እያጎረሱ መተኮስ ነው። የልጅ ልጅየው ግን ይህን ትችት በአያቱ ላይ እንደተሰነዘረ አድርጎ ቆጠረው፤ ከዚያ በኋላ የጻፈውን እዚህ አልደግመውም።

መልስ 7 ጋሼ ናቸው። ሁላችንም እንዲያ ነው የምንላቸው። በንጉሡ ዘመን ወታደር የነበሩ፣ አሁን ጫጫ አካባቢ በጡረታ ያሉ አባት ናቸው። የልጅ ልጃቸው ነው የሚጽፍላቸው። እሳቸው ስለ አጋዘን አንድም ቃል አልተናገሩም። የተናገሩት ስለ ጽዳት ነው።

የድሮ የሠራዊት ጥይት መቀጣጠያው ሲነድ በርሜል ውስጥ ጨው ይተዋል። ጨዉ እርጥበት ይስባል። ዘይት ብቻ ቀብተህ ብታስቀምጠው ጨዉ ከዘይቱ ሥር ሆኖ ብረቱን ይበላል፤ የእኛ ደጋ ጉም ሲጨመርበትማ አንድ ሌሊት ይበቃዋል። ጠዋት ነጭ ጨርቅ ብትከትበት ቀይ ሆኖ ይወጣል። መፍትሔው የፈላ ውኃ ነው። መቀርቀሪያው ይወጣል፣ አፈሙዙ ወደ ታች ይደፋል፣ ውኃው በማጉረሻው በኩል ቀስ ተብሎ ይፈሳል። መጀመሪያ የሚወርደው ጥቁር ነው፣ ቀጥሎ ግራጫ፣ ከዚያ ጥርት ይላል። በርሜሉ በእጅ የማይያዝ እስኪሆን መጋል አለበት፤ የጋለ ብረት በራሱ ይደርቃል። ዘይት የሚቀባው ከዚህ በኋላ ነው። በእሳቸው ጊዜ ይህን ሳያደርግ የተኛ ወታደር በማግሥቱ ምን እንደሚጠብቀው ያውቀው እንደነበርም ጣል አደረጉ።

ሌላም አሉ። ጠመንጃው ጤነኛ መሆኑን ቀለሁ ይነግርሃል። ተኩሰህ ቀለሁን አንሣና በጥፍርህ ዳስሰው። ከቂጡ ትንሽ ከፍ ብሎ ዙሪያውን የሚያበራ ቀጭን ቀለበት ካየህ በመቀርቀሪያውና በጥይቱ መሐል ክፍተት አለ ማለት ነው። ናሱ ተለጥጧል። ዛሬ ካልተሰነጠቀ ነገ ይሰነጠቃል፣ እሳቱም ወደ ፊትህ ይመለሳል። ከመተኮስህ በፊት ግን መሣሪያ የሚያውቅ ባለሙያ በመለኪያ ይየው፣ የመቀርቀሪያው ቁጥር ከጠመንጃው ቁጥር ጋር መግጠሙንም ተመልከት ብለው ጨረሱ።

ከዚህ በኋላ ክሩ ለጥቂት ጊዜ ጨዋ ሆነ። መልስ 8 ጋሼን እርስዎ እያለ፣ ታዲያ ልጁ ለምን ኤም 1 የሚባለውን የአሜሪካ ጠመንጃ አይገዛም፣ እናንተስ የያዛችሁት እሱን አልነበረም ወይ ብሎ ጠየቀ። ጋሼ ጥሩ መሣሪያ እንደነበረ፣ ቃኘው ሻለቃም ኮሪያ ላይ የተዋጋበት እንደሆነ መለሱ፤ ይህ መልስ 9 ነው። መልስ 10 ላይ የካናዳው ሰው ተመልሶ ነገሩን አስተካከለ። ኤም 1 ምላጭ በተሳበ ቁጥር ራሱ የሚያጎርስ ነው፤ ፔንስልቬንያ ደግሞ አጋዘንን በእንዲህ ዓይነቱ ጠመንጃ ማደንን ለረጅም ዘመን ስትከለክል የኖረች ናት። በዚያ ላይ ለትልቅ አውሬ የሚሠራው ከባድ የዘመኑ ጥይት የኤም 1ን የማጉረሻ ዘንግ ሊያጎብጠው ይችላል። በእጅ የሚቀረቀር ማውዘር ከሕግም ከብልሽትም ይሻላል አለ።

ደህና ይዘን ነበር። መልስ 11 ከአንኮበር መጣና የመልስ 1ን ፉከራ ነካካው። ከሠራዊት የተጣለ መሣሪያ መሸጥ ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም ይላል። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርቱር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1887 መጀመሪያ ከታጁራ በግመል ያመጣው ወደ 2,000 የሚጠጋ ጠመንጃ የደረሰው አንኮበር ነው። ምኒልክ ሐረር ዘምተው ስለነበር አላገኛቸውም፤ የተገናኙት እንጦጦ ላይ ነው። ራምቦ ራሱ ቀደም ብሎ ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ፣ ጠመንጃዎቹ ከ40 ዓመት በፊት ከአገልግሎት የወጡ፣ አውሮፓ ውስጥ ከአሮጌ መሣሪያ ነጋዴ በ7 እና በ8 ፍራንክ የሚገኙ፣ ለሸዋው ንጉሥ ግን ወደ 40 ፍራንክ የሚሸጡ እንደሆኑ ገልጿል። በመጨረሻ ግን ንጉሡ የሸሪኩን ዕዳ ከዋጋው ላይ ቀነሱበትና ነጋዴው እያጉረመረመ ሄደ። ለእኔ ይህ የክሩ ምርጥ ወሬ ነው።

መልስ 1 ግን እንደዚያ አላየውም። መልስ 12 ሆኖ ተመልሶ የአያቶቻችንን ጀግንነት በፈረንጅ ደብዳቤ ልታራክስ ነው ወይ ብሎ ተቆጣ። መልስ 13 የታሪክ መምህር ነኝ ባይ ነው፤ ሁለቱንም ገላገለ። ዓድዋ ላይ የተሰለፈው ጦር የያዘው ዓይነቱ ብዙ ነበር፤ ገሚሱ አዲስ፣ ገሚሱ ያረጀ። ውጅግራው የፈረንሳዩ የ1874 ሞዴል ነው፤ 11 ሚሊ ሜትር፣ አንድ ጎራሽ፣ ጢሱ ተኳሹን የሚጋርድ። በእንዲህ ያለ መሣሪያ ማሸነፍ ክብሩን ይጨምረዋል እንጂ አይቀንሰውም ሲል መልስ 1 ዝም አለ። መምህሩ እግረ መንገዱን ማንም ውጅግራ አውጥቶ በዘመኑ ጭስ አልባ ባሩድ እንዳይሞክር አስጠነቀቀ። የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው፤ ይፈነዳል።

መልስ 14 ከአጣዬ ነው። ከባድ ነበር። ጥይት በሰማ ቁጥር ልጆቹን ይዞ መሬት ላይ የሚተኛ ሰው ባለበት አካባቢ ስለ ጠመንጃ ውበት መጻፍ ነውር ነው አለ። እኔንም ሥራ ፈት አለኝ። መልስ 15 ተነሥቶ ክፉ ነገር ተናገረው፤ አስተዳዳሪው ሰረዘው። መልስ 16 ጋሼ ናቸው፤ የአጣዬው ልጅ እውነቱን ነው፣ ቅር አትበሉት፣ እኛም ጠመንጃን የምናውቀው ስለምንጠላው ነው ብለው አበረዱት። እኔ አልተከራከርኩም። ጥያቄው የተነሣው ስለ ፔንስልቬንያ ቢሆንም የሚነበበው እዚህ ነው።

መልስ 17 የመርሐቤቴ ገበሬ ነው። ከአሜሪካ አጋዘን ይልቅ የእሱን ማሽላ የሚገለብጠው ከርከሮና ጃርት ያሳስበዋል። ቤት ውስጥ ያለችው አሮጌ ጓንዴ ለዚህ አትሆንም ወይ አለ። መልስ 18 የሕግ ሰው መሆኗ ያስታውቃል። በዱር እንስሳት አዋጁ መሠረት ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን አይቻልም፤ ማሳ ከተበላ ለወረዳው ማመልከት ነው። ጓንዴዋ ራሷ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ ያስፈልጋታል። ገበሬው ወረዳው ሰው እስኪልክ ማሽላው ያልቃል ብሎ መለሰ። ይህን የሚያስተባብል ሰው አልመጣም።

መልስ 20 የጓሳ አካባቢ ተወላጅ ነው። ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው እስከ ዛሬ የተረፉት የመንዝ ሰው ጓሳውን ለብዙ መቶ ዓመታት በደንብና በሥርዓት ስለጠበቀው ነው ይላል። ሣር የሚታጨድበት ጊዜ ተቆርጦ፣ የቀረው ጊዜ ተዘግቶ ይኖር ነበር። እዚህ ክር ውስጥ ምራቁን የሚውጥ ሰው ቢኖር እዚያ አካባቢ ድርሽ እንዳይል ብሎ ቁጭ አደረገው።

መልስ 21 አስቂኝ ነው። አያቱ በንጉሡ ዘመን ወፍ ዋሻ ደን ጥግ ላይ የምኒልክ ድኩላ፣ ያ ጥቁሩ ወንድ፣ ፊት ለፊታቸው ይቆማል። ርቀቱ አንድ ጓሮ ቢሆን ነው። አልመው ተኮሱ። ድኩላው ዞር ብሎ አያቸውና በእርምጃው ወደ ጽዱ ውስጥ ገባ። ሽማግሌው እስኪሞቱ ድረስ ድኩላው የቆሌ ነው ይሉ ነበር። መልስ 22 ቆሌውን ከድኩላው ላይ አወረደው። የብዙዎቹ የሠራዊት ጠመንጃ ማነጣጠሪያ ዝቅተኛ ልኩ 200 ወይም 300 ሜትር ነው፤ ተጠግተህ ስትተኩስ አረሩ ካለምክበት ከፍ ብሎ ያልፋል። የአክስትህ ልጅም በቅርብ ርቀት ዝቅ አድርጎ ማለምን መጀመሪያ በዒላማ ይልመድ አለ። ከቀልዱ ይልቅ ልጁን የጠቀመው ይህ ነው።

መልስ 23 የሰላ ድንጋይ ሴት ናት፤ ማንም ያላሰበውን አነሣች። ፔንስልቬንያ ውስጥ የጠመንጃ አደን የሚከፈተው በፈረንጆቹ ኖቬምበር መጨረሻ፣ ከምስጋና በዓላቸው ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ነው። ጾመ ነቢያት የሚገባው ኅዳር 15። ታዲያ ልጁ ሥጋውን ለማን ነው የሚያድነው? ክሩ ከዚህ በኋላ ከጠመንጃ ጨርሶ ወጣ። 24 ፍሪዘር ምን ሊሠራ ተፈጠረ፣ ለገና ይደርሳል አለ። 25 በጥይት የሞተ ሳይባረክ ይበላል ወይ ብሎ ጠየቀ። 26 የድሮ አዳኞች ቢላዋ ይዘው የሚሮጡት ለዚያ ነው፣ ነፍሱ ሳትወጣ በሥላሴ ስም ይባረካል አለ። 27 ጾም ላይ ሆነው ስለ ጥብስ የሚያወሩትን ሁሉ ገሠጸ።

መልስ 28 ወደ ጉዳዩ መለሰን። ሚኒሶታ ነዋሪ ነው። አሜሪካ ውስጥ አጋዘን ማደን ለምን እንደሚፈቀድ ለአጣዬው ሰው ጭምር ብሎ አስረዳ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነጭ ጭራው አጋዘን ከግማሽ ሚሊዮን በታች ወርዶ ነበር። ዛሬ ወደ 30 ሚሊዮን ይገመታል፤ መኪና ላይ ይወጣል፣ ጓሮ ይግጣል። እ.ኤ.አ. በ1937 በወጣ ሕግ ከእያንዳንዱ የአደን ጠመንጃና ጥይት ላይ 11 በመቶ ቀረጥ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ይገባል። እኛ ጋ ድኩላ ስንት እንደቀረ ቆጥሮ የሚነግረን እንኳ የለም ብሎ ጨረሰ። በዚህ እስማማለሁ። አንዱ ጋ አደን የእንስሳ ቁጥር መጠበቂያ ነው፤ እኛ ጋ የተረፈውን መጨረሻ ነው።

መልስ 29 ልጁ ሰደፉን አሳጥሮ የማነጣጠሪያ መነጽር ሊገጥምበት ካሰበ እንዲተወው ለመነ። አንዴ ከተቆረጠ ለሰብሳቢ ዋጋ የለውም፤ አንበሳውም ቢሆን አያድነውም።

መልስ 30 ራሱ የአክስቴ ልጅ ነው። ሁሉንም አንብቦ፣ ጋሼን አመስግኖ ጀመረ። ጠመንጃውን ባለሙያ ዘንድ ወስዶታል። የመቀርቀሪያው ቁጥር ከጠመንጃው ቁጥር ጋር አይገጥምም፤ መጋዘን ውስጥ ተቀያይሯል። ባለሙያው ጤነኛ ጠመንጃ ቢሆን መቀርቀሪያው ሊዘጋበት የማይገባውን መለኪያ ከትቶ ገፋው፤ ያለ ምንም ችግር ተዘጋ። እንዳትተኩስበት አለው። በርሜሉ ግን ውስጡ ጥሩ ነው፤ ሌላ መቀርቀሪያ ከተገኘ ይድናል። ዘንድሮ የጓደኛውን ጠመንጃ ተውሶ ይወጣል፣ ብርቱካናማውንም ሰደርያ ገዝቷል።

መልስ 31 ጋሼ ናቸው፤ አንድ መቀርቀሪያ ብቻ ገዝቶ እንዳይመጣ፣ ሦስት አራቱን ባለሙያው ፊት እየቀያየረ በመለኪያው እንዲሞክር መከሩት። መልስ 32 የሰላ ድንጋይዋ ሴት ናት፤ ብርቱካናማ ለብሶ የሚያደባ አዳኝ የት አገር ነው የታየው ብላ ሳቀች። የካናዳው ሰው በ33 አጋዘን ብርቱካናማን ለይቶ እንደማያይ፣ ልብሱ ሌላው አዳኝ እንዳይተኩስብህ እንደሆነ ነገራትና፣ ወደ ልጁ ዞሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቃድ የሚያወጣ ሰው የአዳኞች ትምህርት መውሰድ ግዴታው መሆኑን አስታወሰው። አልወሰደም ነበር። አሁን ተመዝግቧል።